ማንም ያልነካው ዘፈን

የመጨረሻው ቀረጻ በደረሰኝ ቀን ሁሉንም በተራ አዳመጥኩና ክው ብዬ ቀረሁ። አሥር ባንድ አሥር ቀረጻ ልኮልኛል። «ጀልባው» የሚባለው ዘፈን ግን የለም። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የለም። ይባስ ብሎ ሁለት ባንዶች ያንኑ አንድ ዘፈን ሠርተዋል፤ ያውም ሶሄይ በሕይወት ሳለ «ይሄንን እንኳ ባልጻፍኩት» ይለው የነበረውን።

ከኮኩራ ከተማ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ምድር ቤት ውስጥ የሙዚቃ ቤት አለኝ። ስሜ ቺዙሩ ነው፤ በሱ የሚጠራኝ ግን የለም። እዚህ አገር መጠጥ ቤት ያላት ሴት ሁሉ «ማማ» ስለምትባል እኔም ማማ ነኝ፣ ማንንም ባልወልድም። ሶሄይን ግን ወልጄዋለሁ ብል የሚከራከረኝ የለም። ከሱ የሚከብድ ጊታር ተሸክሞ ደረጃዬን ከወረደበት ቀን አንስቶ ጉበቱ እስኪጥለው ድረስ የኖረው እኔ መድረክ ላይ ነው።

አምና የቼሪ አበባ በረገፈ ሰሞን ሞተ። ጓደኞቹ መታሰቢያ አልበም ይውጣለት ተባባሉ። እያንዳንዱ ባንድ ከዘፈኖቹ አንዱን ወስዶ በራሱ አጨዋወት ይሠራዋል፣ እኔ ሰብስቤ አሳትማለሁ፤ ሙት ዓመቱ ሲደርስና መነኩሴው ጸሎቱን ሲያደርስ አልበሙ እናቱ እጅ ይገባል። ነገሩ ይሄው ነበር።

እናቱ እማማ ኪኑዮ ከሰማንያ ዓመት በላይ ናቸው። ከውሃው ማዶ ዋካማትሱ ብቻቸውን ይኖራሉ። የኔን ደረጃ አንድም ቀን ወርደውት አያውቁም። በቀብሩ ቀን ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ እፊታቸው ጎንበስ እያለ «አይ እማማ፣ ‹ጀልባው›ን ሲዘፍን ቢሰሙት!» ሲላቸው ዋለ። እሳቸው ሰምተውት አያውቁም። ከየት ይሰሙታል? ሶሄይ ያንን ዘፈን የሚዘፍነው መድረክ ላይ ብቻ፣ የመጨረሻ አድርጎ ነው። ተቀርጾ አያውቅም። አንዱ ስልኩን ከፍ ካደረገ መሐሉ ላይ አቁሞ «አስቀምጠው» ይል ነበር። አስከሬኑ ተቃጥሎ፣ እንደ አገራችን ልማድ አጥንቱ ከአመዱ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ እማማ ኪኑዮ እጄን ያዙኝ።

«ሌላ አልለምንሽም» አሉኝ። «ያንን አንዱን አሰሚኝ። ጆሮዬ እየከዳኝ ነው፤ ጨርሶ ሳይዘጋ።»

ቃል ገባሁላቸው። እንግዲህ እዩት።

ማን የትኛውን ዘፈን እንደወሰደ አልጠየቅኩም፤ መጠየቅ ነውር ነው። እኛ ዘንድ አንድ ሳሕን የተጠበሰ ዶሮ መሐል ገበታ ላይ ቀርቦ ሲበላ ይቆይና የመጨረሻዋ ቁራጭ ትቀራለች። የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው፤ የማንም እጅ አይዘረጋም። አንተ ትብስ አንቺ ትብሽ ሲባባሉ ዶሮው በረዶ ይሆናል። ይሄንን ገበታ ዕድሜ ልኬን ሳነሳ የኖርኩ ሴት፣ በዘፈንም እንደዚሁ እንደሚሆን አለመጠርጠሬ እስካሁን ያናድደኛል።

መጀመሪያ የደወልኩት ለኢናዶሚ ነው። ሠላሳ ዓመት ከሶሄይ ጎን ቆሞ ጊታር የመታ፣ የልብ ጓደኛው ነው። «‹ጀልባው›ን አንተ ወስደኸዋል ብዬ አልነበረም እንዴ?» አልኩት።

«እኔማ ምን ቆርጦኝ ማማ? አጠገቡ ስለቆምኩ ምርጡን ዘፈን ልንጠቅ? ለወጣቶቹ ልጆች ብዬ ነው የተውኩት።»

ከልጆቹ መሐል ደፋር የምትባለው ሪንካ ናት፤ ፀጉሯን አረንጓዴ ቀለም ነክራ መድረኬን በጫማዋ የምትደበድብ። እሷም «ጋሼ ኢናዶሚ እያሉ እኔ ‹ጀልባው›ን? ሰው ምን ይለኛል ማማ?» አለችኝ። የተቀሩትም ያው ናቸው። አንደኛው እንዲያውም ተለማምዶ ጨርሶ፣ ሊቀረጽ ሲል አፍሮ ትቶታል። ስልኩን ዘግቼ ባዶው ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ተሳደብኩ።

በማግስቱ ከምሳ በፊት ሁሉንም ምድር ቤቱ ሰበሰብኳቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን ሁሉም «እኔ ልሥራው፣ እኔ ልሥራው» ሆነ። አብራችሁ ሥሩት፣ ዛሬውኑ ይቀረጽ ብዬ ማይክራፎኑን ተከልኩ። ኢናዶሚ ጊታሩን አነሳ። የመጀመሪያውን ግጥም የማያውቅ የለም፤ እኔም ብርጭቆ እያጠብኩ አብሬ ዘፈንኩ። ግጥሙ ሲያልቅ እንደ ልማዳችን ሁላችንም ማንጎራጎር ጀመርን፤ ቃል የለም፣ «ኧኧ ኧኧ» ብቻ። ድንገት ሪንካ አቆመች።

«ቆይ፣ ሁለተኛው ግጥም ምንድን ነው የሚለው?» አለች።

ሁሉም አፉን ከፈተ፣ ከማንም ግን ቃል አልወጣም። አንዱ ስለ ዝናብ ነው አለ፤ ሌላው ስለ ባቡር ነው አለ። እኔ ራሴ፣ ስንት ቅዳሜ ያለቀስኩበት ዘፈን፣ ግማሹን ሰምቼው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ሶሄይ እዚያ ቦታ ሲደርስ ከማይክራፎኑ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይል ነበር። እኛ ስንጮህ ድምፁ የተዋጠብን መስሎን ነበር።

ኢናዶሚ ጊታሩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። «ቃል የለውም» አለ። «ድሮ ጠይቄው ‹አላለቀም› ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኩትም።»

ደነገጥን። ቀጥሎም ኢናዶሚ እንቢ አለ። ባለቤቱ ሳይጨርስ የተወውን፣ እንዳይቀረጽ የከለከለውን እኔ ልቅረጸው? እጄ አይሄድልኝም አለ። እናቱን ምን ልበላቸው ብዬ ጮህኩበት። ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። እኔም ከሙት ጋር መጣላት ሆነብኝና ተውኩት።

በሙት ዓመቱ ቀን እኔ፣ ኢናዶሚና ሪንካ «ጀልባው» የሌለበትን አልበም ይዘን ከቶባታ ወደ ዋካማትሱ በትንሿ ጀልባ ተሻገርን። ገና ወሬ ሳይጀመር የሚያልቅ መንገድ ነው፤ ለኔ ግን የዚያን ቀን አላልቅ አለኝ። ሪንካ ለክብሩ ብላ አረንጓዴ ፀጉሯን በጥቁር ባርኔጣ ሸፍናለች።

መነኩሴው ጸሎቱን አድርሶ ሄደ። ዘመድ አዝማዱም የታሸገ ምሳውን እየያዘ ተበተነ። እማማ ኪኑዮ አልበሙን ከሶሄይ ፎቶ ፊት አኑረው ትንሿን ደወል መቱና ወደኛ ዞሩ።

«ስንተኛው ላይ ነው ያ ዘፈን?» አሉ።

ኢናዶሚ ለይቅርታ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፋ። ሪንካም ተከተለችው። እኔ ግን መድፋቱ አልሆነልኝም። እኚህ ሴትዮ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር ጠበቁ፤ እኛ በይሉኝታ ስንገፋፋ ባዶ እጃችንን መጣን። ንዴቴ ከይሉኝታዬ በለጠ። «አልበሙ ላይ የለም እማማ። እኔ እዘፍንልዎታለሁ» አልኩ። ኢናዶሚ እጅጌዬን ያዘኝ። መንጭቄ አስለቀቅኩት።

በደህናው ጆሯቸው በኩል ተጠግቼ፣ ሲጋራ በጨረሰው ድምፄ ዘፈንኩላቸው።

ገመዱ ተፈታ፣ ጀልባው ራቀ ከዳር፣
ሰማያዊ ጃንጥላ ቆሞ ቀረ ካንቺ ጋር፤
አልጠራሁሽ አልቅሼ፣ እጄን አልዘረጋሁ፣
ይነሳ እንደሆነ እግርሽን ብቻ አየሁ።

ያለቅሳሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አላለቀሱም። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ጃንጥላው ሰማያዊ አልነበረም» አሉ። «ጥቁር ነበር። የአባቱ ነው።»



ከዚያ በኋላ ያሉትን የተናገሩት ለኛ ይሁን ለፎቶው አላውቅም። ሶሄይ ገና ትምህርት ቤት አልገባም ነበር። ባልየው ብረት ፋብሪካ የሚሠራ፣ ሲሰክር የሚደበድብ ሰው ነው። አንድ ዝናባማ ጠዋት እማማ ልጁን ወደቡ ድረስ ይዘውት ወረዱ፤ «አክስትህ ማዶ ትጠብቅሃለች» ብለው ብቻውን ጀልባው ላይ አሳፈሩት። አክስቱ ግን ስለ ነገሩ የምታውቀው አልነበራትም። ሰው አይቶ ይወስድላታል ብለው ነው። እሳቸው በባቡር ወደማያውቃቸው አገር ሊሄዱ ነበር።

«ልተወው ነበር» አሉ። «ጀልባው ሲነሳ አየኝ። አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።»

መሄድም መመለስም አቅቷቸው እዚያው ቆሙ። ጀልባው ልጁን አድርሶ ባዶውን ሲመለስ ተሳፈሩበት። ማዶ ሲደርሱ ልጁ ወደቡ ላይ እንደ አይጥ ረጥቦ ቁጭ ብሏል። ተነስቶ እጃቸውን ያዘና «ምሳ ምንድን ነው?» አላቸው። ሌላ ምንም አላለም። ጣቢያው አጠገብ ኡዶን የሚባለውን የኑድል ሾርባ አበሉት፤ የሚያኝከውን ኑድል እያዩ ልጅ ነው ይረሳዋል ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። ይሄንን ለሕያው ሰው ተናግረው አያውቁም። እሱም እስኪሞት ድረስ አንስቶባቸው አያውቅም።

ስንት ቅዳሜ ቢራዬን ይዤ፣ ጥላኝ የሄደችውን ዕድሜዬን፣ የከዳኝን ወንድ እያሰብኩ ያለቀስኩበት ዘፈን፣ የአንድ ትንሽ ልጅ ዝናብ ውስጥ መቅረት ነው። የማይቀረጸውም ለዚህ ነበር፤ የተቀረጸ ነገር አንድ ቀን ውሃውን ተሻግሮ እኚህ እናት ቤት ይገባል። ያ ሁሉ ሰው በይሉኝታ ሳይነካው አልፎ፣ ሳያውቅ ምስጢሩን ጠብቆለት ነበር። እኔ፣ ወልጄዋለሁ ባይዋ፣ በገዛ አፌ አምጥቼ እናቱ ጆሮ ውስጥ ጨመርኩት። አሁን ግንባሬን ደፋሁ። ይቅር ይበሉኝ ማለት አቃተኝ፤ በምን አፌ?

«ቀና በይ ልጄ» አሉኝ። «ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ምን ይላል?»

የመለሰላቸው ኢናዶሚ ነው። «ቃል የለውም እማማ» አለ። «ያንጎራጉራል። አላለቀም ነበር የሚለው።»

እማማ ኪኑዮ ወደ ፎቶው ዞሩ። ጀርባቸው ብቻ ነው የታየን።

«በሚቀጥለው መጥቻለሁ እኮ» አሉት። «በሚቀጥለው ጀልባ መጥቻለሁ እኮ፣ ሶሄይ።»

ሪንካ ባርኔጣዋን አውልቃ ፊቷን ሸፈነችበት። ከዚያ እማማ ኪኑዮ ዘፈኑ አልበሙ ውስጥ ይግባ አሉ። ኢናዶሚ እንደ ምንም ብሎ እሱ አይፈልግም ነበር አላቸው።

«ያልፈለገው እኔ እንድሰማው ነው» አሉ። «ሰማሁት።»

በሚቀጥለው ሳምንት በጀልባ ተሻግረው መጡ። የኢናዶሚን ክንድ ይዘው፣ በየደረጃው እየቆሙ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴን ወረዱት። አሥሩም ባንዶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የዚያን ቀን «አንተ ዝፈን፣ አንቺ ዝፈኝ» ያለ የለም፤ ኢናዶሚ ዘፈነ፣ ሪንካ ቀስ አድርጋ ድራሙን መታች። ማንጎራጎሩ ጋ ሲደረስ ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አደረግን። እማማ ኪኑዮ ማይክራፎኑን እንደ ስልክ ወደ ጆሯቸው ሊወስዱት ሲሉ ወደ አፋቸው መለስኩላቸው። እዚያችው ቦታ ላይ፣ ሶሄይ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይልበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ለፎቶው የተናገሯትን ያችኑ ዐረፍተ ነገር ተናገሩ። አንድ ጊዜ ብቻ። ጊታሩ ቆመ።

ድጋሚ እንቅረጽ የሚል አንድም ሰው አልተገኘም። እማማ ኪኑዮ ማይክራፎኑን ለኔ መልሰው፣ እጄን ሳይለቁ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምሳ ምንድን ነው?» አሉ።

ኡዶን አለ አልኳቸው። ውሃ ልጥድ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።