ከዮፍታሄ ጎን ያለው ቦታ

የማኅበራችን መጽሔት ዘንድሮ ስለ እኛ ጽፏል። «የመጀመሪያው የሐበሻ ቤተሰብ መቃብር» ይላል ርዕሱ። ለባሌ ለአምሃ ከነፎቶው ሁለት ገጽ ሰጥተውታል። እኔ «ባለቤታቸው» ተብዬ አንድ ቦታ ላይ አለሁ። ስሜ ወሰንየለሽ ነው። ታሪኩ ከተወራ አይቀር እኔም ልናገር።

በፈረንጆቹ 1986 ልጃችን ዮፍታሄ በሦስት ወሩ ሞተብን። ያኔ እኛ በምንኖርበት የባዕድ ከተማ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የሐበሻ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። አምሃ ሆሊውድ ፓርኪንግ ይሠራል፣ እኔ ሚድ ሲቲ አሮጊት እጠብቃለሁ። አራት የመቃብር ቦታ ጎን ለጎን ገዛን፤ አንዱን ለልጁ፣ ሁለቱን ለእኛ፣ አንዱን ደግሞ ወደፊት ለምንወልደው። ከዚያ በኋላ ግን አልወለድንም።

አምሃ ለቅሶ ቤት መናገር ይወዳል። ጢሞቴዎስ የሚባል ዘመድ የሌለው የታክሲ ሾፌር ሲሞት፣ ከሰው መሃል ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገና «ቦታ እኛ አለን» አለ። ሰው ሁሉ መረቀው። እኔንም መረቁኝ፤ አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። ከስድስት ዓመት በኋላ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ እትዬ ሣህሊቱ የሚባሉ ሴት እዚሁ አረፉ፤ አምሃ አሁንም ተነስቶ ቦታ ሰጠ። ቤት ገብተን ስቆጣው፣

«አንዱ አለ አይደል? እሱ ያንቺ ነው። እኔ እንደሆን አገሬ ነው የምቀበረው» አለኝ።

ለካ ሰውየው የሚቸረው እሱ የማይተኛበትን መሬት ነው። ቢሆንም አንዷ ትበቃኛለች ብዬ ተውኩት። ስሞት ከልጄ ጎን እተኛለሁ እያልኩ ነው እስከዛሬ የቆየሁት።

ባለፈው ወር ምንይሉ የሚባል ወጣት ሞተ። ሚስቱ ሄራን በዲቪ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ዘመዶቹ አስከሬኑ አገር ይላክ ሲሉ እሷ እምቢ አለች።

«ልጄ አባቷን የምትጠይቅበት ቦታ ትፈልጋለች። እኔ ድራይቭ አላደርግም፤ በባስ የምደርስበት ይሁንልኝ» አለች።

በባስ የሚደረስበት የእኛው መካነ መቃብር ነው፤ እሱም ከእኔዋ ቦታ በቀር ከሞላ ቆይቷል። አምሃን ከለቀስተኛው መሃል ከሩቅ አየሁት። ጉሮሮውን ጠረገ።

የቦታው ወረቀት ላይ የሁለታችንም ስም ስላለ ያለ እኔ ፊርማ አይሆንም። አልፈርምም ብዬ ቆርጬ ነው በማግስቱ የመቃብሩ ቢሮ የሄድኩት። ሄራን ግን ሕፃኗን ታቅፋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አምሃ አጠገቧ ሆኖ ያየኛል። ይሉኝታ ያዘኝ፤ ፈረምኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለች ሄራን። ቀጥላም «ቅድም ቦታውን ሲያሳዩኝ ከጎኑ አንዲት ትንሽዬ መቃብር አየሁ። የማን ናት?» ብላ ጠየቀች።

አምሃ ቀደመኝ። «የድሮ ናት። የአንድ ሕፃን ናት» አላት።

የአንድ ሕፃን። ያን ቀን ሳጥኑን በክንዱ ታቅፎ ያስገባው እሱ ነው። 

«የልጄ ናት» አልኩ። «ዮፍታሄ ይባላል። አምሃ ነው አባቱ። ባልሽን ልትጠይቂ ስትመጪ ለእሱም አንድ አበባ ጣል አድርጊለት።»

ሄራን አንዴ እኔን፣ አንዴ አምሃን አየች።

«ታዲያ እርስዎስ የት ሊሆኑ ነው?» አለችኝ።

ወደ ፈረምኩበት ወረቀት አየሁ። የቀረችኝ ቦታ እሷ እንደሆነች ገባት። «አላወቅኩም ነበር፣ እትዬ። ይቅርብኝ፤ ይላክ» ብላ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። ላነሳው እጄን አሳርፌበት ነበር።

አምሃ ከእጄ ሥር አነሳና ለቢሮ ሠራተኛዋ አቀበላት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

«ሰው ምን ይለናል?» አለኝ።

ሠራተኛዋ ማኅተሙን ስታነሳ አየኋት። አንድ ቃል ብናገር ትተወው ነበር። ለልጄ ስል እንኳ አልተናገርኩም።