ጡቡን ያልቆረጠው መስኮት

ሐረገወይን ለመስኮቱ በተተወው ክፍት ቦታ እጇን ስታስገባ ጡብ ነካች። ከአዲሱ የእንጨት ግድግዳ ጀርባ የድሮው የጋራዡ የጡብ ግድግዳ እንዳለ ቆሟል።

«የከተማው ኢንስፔክተር ጠዋት መጥቶ ነበር» አሉ የቤቱ ባለቤት አቶ ዘገዬ ከኋላዋ። «ሰው የሚወጣበት መስኮት ከሌለው መኝታ ቤት አይባልም ብሎ ሳይፈርም ሄደ። ሠራተኞቹን ብጠይቅ ፕላኑ ላይ ጡቡ ይቆረጥ የሚል የለም አሉኝ። የሺ ደግሞ ሐሙስ ከሆስፒታል ትወጣለች፣ ልጄ።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ደረጃ አይወጡም። ጋራዡ መኝታ ቤት ይሁን የተባለው ለእሳቸው ነው። ሐረገወይን ፕላኑን ከመጀመሯ በፊት ሆስፒታል ድረስ ሄዳ መስኮቱ በየት በኩል እንዲሆን ጠይቃቸው ነበር። «በመንገዱ በኩል አድርጊልኝ፤ ሰው ሲያልፍ ልይበት» ነበር ያሏት።

«ፕላኑን አይቼ እደውልልዎታለሁ» አለቻቸው።

አትላንታ አጠገብ አቮንዴል እስቴትስ ያለው የምትሠራበት ቢሮ ደርሳ ፋይሉን ከፈተች። ሁለት ግድግዳ ተጠጋግቶ ሲቆም፣ ሶፍትዌሩ ላይ መስኮት የሚቆርጠው የተቀመጠበትን አንዱን ብቻ ነው። ሌላውም አብሮ እንዲቆረጥ ሁለቱን ጆይን ማድረግ፣ ማለትም ማያያዝ፣ ያስፈልጋል። እሷ አድርጋ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ በውጭ በኩልም ዞራ አይታዋለች። አሁን ግን ጡቡ ድፍን ነው። ፋይሉን ማን እንደነካው የሚያሳየውን መዝገብ አወጣች። ከሁለት ወር በፊት የተጻፈው «ዓርብ ከሰዓት፤ ግሩም። የሶፍትዌሩ ዋርኒንግ ስለበዛ ግድግዳዎቹን ለያየሁ» ይላል።

ግሩም አዲስ አበባ ኮሌጅ ሳለ ንድፍ ያስተማረችው ተማሪዋ ነው። ያኔ «ቲቸር» ይላት ነበር። አትላንታ ላይ የአርክቴክት ላይሰንሱም ቢሮውም የእሱ ነው፤ የእሷ የሃያ ዓመት ሙያ እዚህ አገር ስላልተቆጠረላት ፕላን የምትሥልለት ድራፍተሩ ሆና ተቀጠረች።

«የአቶ ዘገዬን ፕላን ነክተኸው ነበር?» አለችው ጠርታ።

ግሩም ስክሪኗን አየና በሩን ዘጋ። «ዴድላይን ነበር። ዋርኒንጉ አላስኬድ ሲለኝ ለያይቼ ለግንባታ ፐርሚት ሰብሚት አደረግኩት። ቼክ አላደረግኩም።»

«መስኮታቸው የተከፈተው ጡብ ላይ ነው።»

«አውቃለሁ። ሊስን፣ ሐርዬ፣ ደውይና የድራፍቲንግ ስህተት ነው በያቸው። የእኔ ከሆነ ላይሰንስ ቦርድ ጋ ሊከሱኝ ይችላሉ። አንቺ ላይሰንስ የለሽም፤ ማን ምን ያደርግሻል?»

«ስሜስ?»

«እዚህ አገር ስምሽን ማን ያውቀዋል?» ካለ በኋላ አንገቱን ደፋ። «እባክሽ፣ ቲቸር።»

ቀድሞ ከተናገረው ይልቅ ያቺ ቃል አቃጠለቻት። ነገር ግን ባሏ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቱን በማሽን የሚታጠበው በዚህ ቢሮ ኢንሹራንስ ነው። ግሩም ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥሮ ራሱ ደወለ፤ ስልኩንም ስፒከር ላይ አደረገው።

«አቶ ዘገዬ፣ ድራፍተራችን ተሳስታ ነው። እናስተካክለዋለን።»

«ሐረገወይን?»

«አዎ።»

«እኔ እንኳ እሷን አምኜ ነበር። ታዲያ ጡቡ መቼ ይቆረጣል?»

«ፐርሚቱ እስኪታደስ ሦስት ሳምንት ቢወስድ ነው።»

«እንግዲህ የሺ ሳሎን ትተኛለቻ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ሐረገወይን ወንበሯ ላይ ተመልሳ ሁለቱን ግድግዳዎች ጆይን አደረገች። ስክሪኑ ላይ ጡቡ ወዲያው ተከፈተ። ሁለት ሰከንድ እንኳ አልፈጀም።

«ፕሪንት አድርገሽ ወደ ቤት ስትሄጂ አድርሺላቸው» አላት ግሩም፣ ፊቷን ሳያይ።

የታረመው ፕላን ከፕሪንተሩ ወጣ። ቀጥላ ግሩም ግድግዳዎቹን መለያየቱ የተጻፈበትን የመዝገቡን ገጽ አወጣች። ወረቀቱን ይዛ ባሏን አሰበች፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚጠብቀውንም የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን አልጋ። ከዚያ ሁለቱንም ወረቀቶች አንድ ፖስታ ውስጥ ከተተችና «ለአቶ ዘገዬ» ብላ ጻፈችበት። ከሥሩም ስሟን ከነአባቷ አሰፈረች።