ሃያ ሰባት ፊርማ፣ ሃያ ስድስት ወረቀት

«ተፈትነሻል» አሉኝ እትዬ እታፈራሁ በሪጅስትራሩ መስኮት በኩል።

«አልተፈተንኩም።»

«ፊርማሽ አለ። ፈርመሽ ገብተሻል፣ የመልስ ወረቀት ሳታስረክቢ ወጥተሻል። እንዲህ ያደረገ ሰው ውጤቱ ኤፍ ነው።»

በእጄ የያዝኩት ከመናኸሪያው ያጻፍኩትን ደብዳቤ ነበር። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማህተም አለው። ተሳፋሪ የምስራች ወልደ ማርያም በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ከቡሬ ወደ መቱ ስትመጣ፣ ጎሬ ሳትደርስ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገድ በመዘጋቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል እዚያው መቆየቷን ይገልጻል። ሹፌሩ ጋሼ ጅራታ ከሥር ፈርመውበታል። ፈተናው የተሰጠው ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ደብዳቤውን በሁለት ቀን ውስጥ ያጻፍኩት ደንቡን ስላነበብኩ ነው። ከክፍላችን ደንቡን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በበቂ ምክንያት ከፈተና የቀረ ተማሪ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ማስረጃ ካቀረበ ሜካፕ ፈተና ይሰጠዋል። ፈተና ክፍል ገብቶ ወረቀት ያልመለሰ ግን ኤፍ ያገኛል። በማስተርስ ደግሞ አንድ ኤፍ ስንብት ነው። ማስጠንቀቂያ የለውም፣ ኮርሱን መድገም የለውም። ኮሌጁ መቱ ላይ የከፈተው የቅዳሜና እሁድ ማስተርስ ከእኛ በኋላ ተማሪ ስለማይቀበል፣ የተሰናበተ ሰው ዞሮ የሚገባበት በር የለም። ሁለት ዓመት ተመላልሼ የቀረኝ ይህ አንድ ፈተናና ቴሲሱ ብቻ ነበር።

«እስቲ ፊርማውን ያሳዩኝ» አልኳቸው።

እትዬ እታፈራሁ መነጽራቸውን አስተካክለው የፈተናውን አቴንዳንስ በመስኮቱ አሳለፉልኝ። ስሜ አለ። ከስሜ ፊት ለፊት ትልቅ «የ» ተጽፎ፣ ጭራው ሦስት ጊዜ ተጠማዝዞ አልቋል። እኔ እንዲህ አልፈርምም። የእኔ ፊርማ ሁለት ፊደልና አንድ ሰረዝ ነው፤ ከዚያ በላይ ትዕግሥት የለኝም። የማን እጅ እንደሆነ ግን ወዲያው አወቅኩ። የሙፊዳ ነው።

ሙፊዳ ኡካ ታስተምራለች፣ እኔ ቡሬ። የተመዘገብነው በአንድ ቀን ስለሆነ ስማችን በዝርዝሩ ላይ ተከታትሎ ነው ያለው። ከትምህርቱ ሰማንያ በመቶ ያልተከታተለ ለፈተና አይቀመጥም ይላል ደንቡ። ይህን የጻፈው ሰው ዝናብ በጣለ ማግስት ከኡካ መኪና ጠብቆ አያውቅም። ስለዚህ እንፈራረማለን። ሙፊዳ ስትቀር እኔ እፈርምላታለሁ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ፈርሜላታለሁ። እኔ ስቀር እሷ ትፈርምልኛለች። ወረቀቱ ቀድሞ እሷ ጋ ስለሚደርስ፣ አጠገቧ በተቀመጥኩበት ቀን እንኳ የሁለታችንንም አንድ ላይ ፈርማ ታሳልፈዋለች። ክፍሉ በሙሉ እንዲህ ነው። እንደ ማጭበርበር ያየው ሰው አልነበረም። ለጓደኛ ቦታ እንደመያዝ ነበር።

መምህራኑስ? የምዘና ኮርሱን ያስተማሩን ዶክተር ዲበኩሉ ከጅማ ነው የሚመጡት። የአሥራ ስድስት ቅዳሜ ትምህርት በአምስት ቅዳሜ ጨርሰውታል። አቴንዳንሱ ግን አሥራ ስድስት ነው፤ ከእያንዳንዱ ግርጌ የእሳቸው ፊርማ አለ። የጥር የመጨረሻው ቅዳሜ መኪና አጥቻለሁ ብለው ደወሉልን። ያን ዕለት ጓደኛችን ትግስት ወልዳ ስለነበር ክፍሉ ተያይዞ ሆስፒታል ሄደ። በሳምንቱ የዚያ ቀን አቴንዳንስ ዞረ፤ ሁላችንም ፈረምን፣ ለትግስትም ተፈረመላት። በወረቀቱ መሠረት ትግስት ያን ቀን ስለ ምዘና ስትማር ውላለች።

ሙፊዳን ያገኘኋት በማግስቱ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ነው።

«ፈርመሽልኛል?» አልኳት ሳልቀመጥ።

«የቱን?»

«የፈተናውን።»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «መኪና ቆሟል፣ እየመጣሁ ነው ብለሽ ጽፈሽልኛል እኮ!»

«የምደርስ መስሎኝ ነው።»

«እኔም የምትደርሺ መስሎኝ ነው! ወረቀቱ መጣ፣ ስምሽ ከስሜ ሥር ነው፣ ፈረምኩ። አስቤበት እንዳይመስልሽ፤ እጄ ነው የፈረመው።»

«እጅሽን ብቻ ወስጄ ኮሚቴው ፊት ላቁማት?»

«አትቀልጂ፣ የምስራች።»

«አልቀለድኩም። ኤፍ ሰጥተውኛል። ተባርሬያለሁ።»

ሙፊዳ ሲጨንቃት ኦሮምኛው ይቀድማታል። «ያ ረቢ! አመ ማል ጎና?» አለች።

«ምን እናድርግ ብለሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

«እኔ ነኝ የፈረምኩት ብዬ ልንገራቸው?»

«ደንቡን ታውቂዋለሽ?»

«ደንብ የምታነቢው አንቺ ነሽ። ንገሪኝ።»

«በፈተና ቀን በሌላ ሰው ስም የፈረመ ይሰናበታል።»

አጎነበሰች። አጠገባችን ያሉ ሰዎች ስለ ቡና ለቀማ ይጨቃጨቃሉ። እሷ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ ታዞረዋለች።

«እንግዲያው ዝም ልበል?» አለችኝ።

ከሁሉ ያበሸቀኝ ይህ ነው። ልናገር ብትል አንድ ነገር ነው፤ አልናገርም ብትልም አንድ ነገር ነው። እሷ ግን እኔው እንድወስንላት ፈለገች፤ ብትባረርም ያባረርኳት እኔ እንድሆን፣ ብትተርፍም ያተረፍኳት እኔ እንድሆን።

«የፈለግሽውን አድርጊ» ብያት ወጣሁ።

አቤቱታዬን ጻፍኩ። ለማን እንደማስገባ ስጠይቅ ለድኅረ ምረቃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አሉኝ። ሰብሳቢው ዶክተር ዲበኩሉ ናቸው። ኤፍ የሰጡኝም እሳቸው ናቸው። የቅርንጫፉ ኃላፊም እሳቸው ናቸው። አንዱ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያጠፉትን ሌላው ወንበራቸው ላይ ሆነው ሊሰሙኝ ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከሰዓት ጠሩኝ። ሙፊዳ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። አይታኝ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። ውስጥ ዶክተር፣ ፈታኝ የነበሩት አቶ ሸጋውና ቃለ ጉባኤ የሚይዙት እትዬ እታፈራሁ ተቀምጠዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ሁሉም ሰው ይጮኻል፤ እኔ ለመጮህ ዝናብ አላስፈለገኝም።

«ደብዳቤሽን አይተነዋል» አሉ ዶክተር። «ጥሩ ደብዳቤ ነው። ችግሩ ፊርማሽ ነው።»

«አቶ ሸጋው፣ ያን ቀን ሰው ቆጥረው ነበር?» አልኩ።

«እንዴት አልቆጥር? ሃያ ሰባት።»

«ሰው ነው ወይስ ፊርማ?»

ወደ ዶክተር አዩ። «ፊርማ። ሃያ ሰባት ፊርማ፣ ሃያ ስድስት ወረቀት። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ጠፍቷል ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ።»

«ከጥያቄ ወረቀቱ የተረፈ አልነበረም?»

«አንድ ተርፏል። ትርፍ ሁልጊዜ ይባዛል።»

«ታዲያ ይዤው የጠፋሁት የቱን ነው?»

«ልጄ፣ መርማሪ አይደለሽም» አሉ ዶክተር። ድምፃቸው አልከረረም። እንዲያውም አዝነው ነበር የሚያዩኝ፤ ይህም አናደደኝ። «ጎበዝ ተማሪ መሆንሽን አውቃለሁ። ልንረዳሽ ነው የተቀመጥነው። አልነበርኩም ካልሽ፣ የፈረመልሽ ሰው አለ ማለት ነው። ስሙን ንገሪን። ያ ሰው በደንቡ መሠረት ይጠየቃል፣ አንቺ ትፈተኛለሽ። በአምስት ደቂቃ ያልቃል።»

እትዬ እታፈራሁ እስክሪብቶአቸውን አዘጋጁ።

ያን ጊዜ ስለ ጓደኝነት አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ አሥራ አንዱ ቅዳሜ ነው። የሙፊዳን ስም ብናገር የሙፊዳ ወረቀቶች ይወጣሉ፤ በስሟ ፊት ለፊት ያለው ሁለት ፊደልና አንድ ሰረዝ የማን እንደሆነ ለመለየት መርማሪ መሆን አያስፈልግም። ደግሞም ሙፊዳ ተባርራ እኔ ብቀር ምን ይስተካከላል? እነዚህ ሁለት ሰዎች ሰው ሳይቆጥሩ ቆጠርን እንዳሉ፣ ሳያስተምሩ አስተማርን እንዳሉ ይቀጥላሉ። የሚባረረው ከኡካ በጭቃ የሚመጣው ሰው ብቻ ነው።

በሩ ዝግ ነው። ሙፊዳ ከበሩ ማዶ ቆማለች። ብትገባ ትችል ነበር። አልገባችም።

«ስም ከምናገር ፊርማው ይመሳከር» አልኩ። «የኮርሱ አቴንዳንስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይምጣና እናያይዘው።»

«ይቻላል» አሉ እትዬ እታፈራሁ፤ ሊነሱም ወንበራቸውን ገፉ።

«አሥራ ስድስቱም ይምጣ» አልኩ። «የጥር የመጨረሻው ቅዳሜ እንዳይቀር። ትግስት የወለደችበትን ማለቴ ነው።»

እትዬ እታፈራሁ ሳይነሱ ቀሩ። አቶ ሸጋው መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ዶክተር ዲበኩሉ ከፊታቸው ያለውን የደንብ መጽሐፍ ከፈቱት፣ መልሰው ዘጉት።

ማስፈራራቴ ነበር። ሌላ ስም አልሰጠውም። ያውም ባዶ ማስፈራሪያ ነበር፤ ወረቀቶቹ መጥተው ቢመሳከሩ ኖሮ ያለቀልኝ እኔ ነበርኩ፤ ያ ባለ ሦስት ጥምዝ ፊርማ ኮርሱን ሙሉ በስሜ ፊት ተፈርሟል። እሳቸው ግን ይህን አያውቁም። የሚያውቁት የራሳቸውን ፊርማ ብቻ ነው።

«ይህን ያህል መድከም አያስፈልገንም» አሉ በመጨረሻ። «የመናኸሪያው ማስረጃ በቂ ነው። እትዬ እታፈራሁ፣ የመዝገብ ስህተት መሆኑ ታውቆ ብለው ይያዙልኝ። ኤፉ ይነሳ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ትፈተን።»

«የመዝገብ ስህተት» እያሉ እትዬ እታፈራሁ ጻፉ።

ያ ደብዳቤ መጀመሪያውኑም በቂ ነበር። ማህተሙ ያው ነው፣ ቃሉ ያው ነው። እውነቱን በወረቀት ይዤ ስመጣ ተባረርኩ፤ የእሳቸውን ውሸት ስጠራባቸው ተመለስኩ። አመሰግናለሁ እንድል ጠበቁ። አላልኩም። የወጣሁት በሩን በደንብ ሳልዘጋ ነው።

ሙፊዳ ክንዴን ያዘችኝ። «ተናገርሽ?»

ምን አሉሽ አላለችም። ተረፍሽ ወይ አላለችም።

«አልተናገርኩም። ቅዳሜ እፈተናለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ታለቅሳለች። «ልገባ ነበር እኮ። ወላሂ፣ እጀታውን ይዤ ነበር።»

«ልቀቂኝ፣ ሙፊዳ።»

«ተቀየምሽኝ?»

«ሁለተኛ እንዳትፈርሚልኝ። ባለሁበትም ቀን፣ በሌለሁበትም ቀን።»

ዓይኗን ጠረገችና ትንሽ አሰበች። «አንቺስ ለእኔ?» አለችኝ። «ክረምቱ ገባ እኮ። የቴሲስ ሴሚናሩም አቴንዳንስ አለው። ከኡካ በምን እመጣለሁ?»

ደረጃውን ወርጄ ሄድኩ። እስከ ቡሬ ድረስ መኪናው ውስጥ በልቤ ስሰድባት ነበር። ስድቤ መሐል ላይ ደግሞ ጥያቄዋ ይመጣብኛል፤ በምን ትመጣለች? ስለማላውቅ እንደገና እሰድባታለሁ።

ለሜካፑ ፈተና ዓርብ ማታ መቱ አደርኩ። ሁለተኛ ዕጣዬን ለተገለበጠ የጭነት መኪና አልተውም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ክፍሉ ውስጥ እኔና እትዬ እታፈራሁ ብቻ ነበርን። ከፊታቸው የጥያቄ ወረቀቱና አንድ አቴንዳንስ አለ። አቴንዳንሱ ላይ ያለው ስም የእኔ ብቻ ነው።

ፈረምኩ። ሁለት ፊደል፣ አንድ ሰረዝ።

እትዬ እታፈራሁ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ከቦርሳቸው አንድ ማህደር አወጡና ገለጡት፤ መልሰው የእኔን አዩ።

«ይሄ ያንቺ ፊርማ አይደለም» አሉ።

«እንዴት አይደለም? አሁን ፊትዎ ፈረምኩ እኮ።»

«ዶክተር እንዳይደገም ብለው ከድሮው ጋር እያመሳከሩ ያስገቡ ብለውኛል። ይኸው» ብለው የኮርሱን አቴንዳንስ አዞሩልኝ። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። በየወረቀቱ ላይ ትልቅ «የ»፣ ሦስት ጥምዝ። «ያንቺ ይሄ ነው። ካልተመሳሰለ ጥያቄውን መስጠት አልችልም። ነገ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«እትዬ እታፈራሁ፣ መታወቂያዬን ይዩት። ፊቴን ይዩት።»

«ፊት አልተባልኩም። ፊርማ ነው የተባልኩት። ደግሞ ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ የሚጨመር ሰዓት የለም።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ስድስት ደቂቃ አልፏል። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ብጮህ የምለው ምንድን ነው? ያ የእኔ አይደለም ብል፣ የማን ነው ይሉኛል፤ እንደገና ኮሚቴው ፊት ነኝ። ሁለት ዓመት የተማርኩት እኔ አይደለሁም፤ በወረቀቱ መሠረት ያቺ ባለ ጥምዟ ናት። የሚፈቀድላትም እሷ ናት።

የፈረምኩትን ሰረዝኩና እስክሪብቶውን ጨብጬ ትልቅ «የ» ጻፍኩ። ጭራው አንድ ዞሮ ተበላሸ። እትዬ እታፈራሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛው ላይ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ በንዴት ስለተጫንኩት ወረቀቱ ትንሽ ተቀደደ። ሦስተኛውን ቀስ ብዬ፣ ከመጋቢቱ ወረቀት እያየሁ፣ ሙፊዳ እንደምታደርገው አጠማዘዝኩት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

እትዬ እታፈራሁ አመሳከሩት፤ ፊታቸው በራ። የጥያቄ ወረቀቱን ሰጡኝ።

«ይኸውልሽ» አሉኝ፣ «ስትፈልጊ ትችያለሽ።»