የዕቃ ማስገቢያ በር

አባቴ ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ለጸሎትና ለዚያች በር። በካርዌል ቤዝቦል ሜዳ ጀርባ፣ በከሰል መጋዘኑ በኩል፣ አጭር በር አለች። ያኔ በአሜሪካዋ አላባማ ዋናው በር የነጮች ብቻ ነበር፤ እኛ ጥቁሮች የምንገባው በእሷ ነው። አባቴ ረጅም ስለነበር ባርኔጣው ጉበኑን እንዳይነካ አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ነጩ ትኬት ቆራጭ ይህን ባየ ቁጥር "እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!" ይላል። ስምንት ዓመቴ ነበር። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

አሁን ሰባ ስምንት ሞልቶኛል። ሜዳው ሊፈርስ ነው ሲባል የከተማው ትልልቅ ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው አዳኑት። ደግ አደረጉ። የቆርቆሮ ጣሪያው፣ አረንጓዴው የእንጨት ወንበር፣ የነጥብ ሰሌዳው ሳይቀር እንደ ድሮው ተሠራ። በግንብ ተደፍና የኖረችውን በራችንንም ከፈቷት። በላይዋ የሚለጠፈውን የነሐስ ጽሑፍ ረቂቅ ሳየው ግን "የዕቃ ማስገቢያ በር" ይላል።

ኮሚቴው ቢሮ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ሚስተር ታራንት ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

"ሚስ ኦዴላ፣ ፕላኑ ላይ እንዲህ ነው የሚለው። እኛ ከሰነድ አንወጣም።"

"እኔስ ሰነድ አይደለሁም?"

"ኧረ እርስዎማ ጌጣችን ነዎት! ግን ያው... ሰው የሚመጣው ሊዝናና ነው። የድሮ ቁስል ለምን እንነካካለን?"

"ቁስሉ የኛ፣ የሚያማችሁ እናንተ!"

ሳቀ። ሲስቅ ነገሩ እንዳለቀለት ገባኝ። ያም ሆኖ ስድስት ደብዳቤ ጻፍኩ። የለመንኩት አንድ መስመር ነው፦ ጥቁሮች የሚገቡበት በር።

ታናሽ ወንድሜ ሉሺየስ "አንቺ ደግሞ፣ ነሐስ ላይ ካልተጻፈ ልንረሳው ነው?" እያለ ያበሽቀኛል። እኛማ አንረሳም። የምንሞተው ግን እኛው ነን።

ለምረቃው በክብር እንግድነት ተጠራሁ። የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዬን፣ ያቺን ሰፊ ባለ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ደፍቼ ከሉሺየስ ጋር ሄድኩ። ዋናው በር ላይ ሰዉ እየተጋፋ ነው። አንዲት አስተናጋጅ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

"ሚስ ኦዴላ፣ ይሄን ግፊያ አይችሉትም። በአቋራጭ ላስገባዎት።"

በከሰል መጋዘኑ በኩል ዞርን። ሉሺየስ ቀልዱ ሁሉ ጠፋበት። በላይ ነሐሱ ያብለጨልጫል፤ የዕቃ ማስገቢያ በር። ልመለስ አልኩ። ብመለስ ግን "አሮጊቷ ደክሟት ቀረች" ነው የሚባለው፤ ሌላ ነገር ማንም አይጠረጥርም።

"ባርኔጣዎን እንዳይነካብዎ፣ በሩ ዝቅ ያለ ነው" አለችኝ ልጅቷ።

እጄ ነው ያወለቀው፤ እኔን ሳይጠይቅ። ጎንበስ እንዳልኩ የካሜራ ብርሃን ፊቴ ላይ ቦግ አለ። ሚስተር ታራንት ከውስጥ ቆሞ ለፎቶ አንሺው "እንዴት ያሉ ጨዋ ሴት ናቸው!" ሲለው ሰማሁ።

ያ ፎቶ አሁን ከነሐሱ ጽሑፍ ሥር ተሰቅሏል።