መስታወት ወይስ ድፍን

ለአንድ የኩሽና ካቢኔት በር ሦስት ሳምንት ትጨቃጨቂያለሽ ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ አሮጌውን ካቢኔት አቅፌው እኖር ነበር። የታችኛው ካቢኔት በር ምርጫ በአንድ ቀን አለቀ። ጉድ ያፈላው የላይኛው ነው። እኔ ድፍን በር እላለሁ፤ አማቴ መስታወት ይላሉ፤ ባለቤቴ ደግሞ "ሁለቱም ጥሩ ነው" ይላል። ይህን ሲል ደሜ ይፈላል። ሰው እንዴት ሚስቱንም እናቱንም ልክ ናችሁ ብሎ ሶፋ ላይ ጋደም ይላል?

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ቀኑን ሙሉ የመስታወት መደርደሪያ ፊት ቆሜ፣ ሰው ጣቱን እየቀሰረ "ያንን፣ የለም፣ ከጎኑ ያለውን" ሲለኝ ይውላል። ቤቴ ስገባ ለሰው የሚታይ መደርደሪያ ማየት አልፈልግም። የተሸራረፈው ሰሃን፣ ክዳኑ የጠፋው ድስት፣ ሁሉም በሩ ተዘግቶበት አርፎ ይቀመጥልኝ። ይሄ ብዙ ነው?

አማቴ እኛ ጋ ከመጡ ሰባት ወራቸው ነው። ክፉ ሴት ናቸው አልልም። ግን ይታዘባሉ። ኩሽናው በር ላይ እጃቸውን አጣምረው ይቆሙና፣ ዕቃ ሳወጣ ሳስገባ ዝም ብለው ያያሉ። "ምን ልስጥዎት እማማ?" ስላቸው፣ "ምንም ልጄ፤ እኔ ዛሬ ኖሬ ነገ ሂያጅ ነኝ" ይላሉ። ታዲያ ሂያጅ ሰው በካቢኔት በር ምን አገባው?

ደግሞ ያቺ ኩባያ አለች። ልጃችን ጥርስ ስታወጣ ጠርዟን የበላቻት ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ ናት፤ ከሲንኩ አጠገብ ሰሃን ማንጠፍጠፊያው ላይ ተደፍታ ትውላለች። ደርዘን ብርጭቆ እያለኝ አማቴ ውሃ የሚጠጡት በእሷ ነው። ጎረቤት ቁጭ ብሎም በእሷ ነው። "እናትህ እኮ ‘ብርጭቆ ነፈገቻቸው’ ሊያስብሉኝ ነው" ብዬ ለባለቤቴ ብነግረው፣ "ልማድ ይሆናል፣ ተያቸው" ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። እሱ እንደሆነ ነገር ሲመጣ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

እንግዲህ መስታወት የፈለጉት ለምን እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነበር። በር መክፈት እንኳ ሳያስፈልጋቸው ጓዳዬን አይተው፣ እሁድ እሁድ ለሴት ልጃቸው በስልክ ሊያወሩት ነው። ያ በር መስታወት ከሆነ፣ በገዛ ኩሽናዬ እንግዳ ሆንኩ ማለት ነው። ስለዚህ አልለቅም አልኩ።

ካቢኔቱን የሚሠራልን አናጢ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ አየን። "እህቴ፣ እኔ በር ልሠራ ነው የመጣሁት እንጂ ለሽምግልና አይደለም" አለኝ። ሰዎች አልስማማ ሲሉ የሚያደርገው ነገር አለው። ከሁለቱም ዓይነት አንድ አንድ በር አሮጌው ካቢኔት ላይ ይሰቅልና ሄዶ ይቀመጣል። በግራ መስታወቱን፣ በቀኝ ድፍኑን ሰቀለ። "በር በሥዕል አይመረጥም። ኑሩበትና ቅዳሜ ንገሩኝ" ብሎ ወጣ። እኔም ብርጭቆዎቹን መስታወቱ ኋላ ደረደርኩ፤ ጉድ ጉዴን ሁሉ ድፍኑ ኋላ ከተትኩ።

ረቡዕ ራሴን አሞኝ በምሳ ሰዓት ወደ ቤት ተመለስኩ። ኩሽና ስገባ ሰማያዊዋ ኩባያ እንደተደፋች ናት። አማቴ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው በአንዱ ረጅም ብርጭቆ ውሃ ይጠጣሉ።

"ዛሬ ምን ተገኘ? ከኩባያዋ ተጣሉ እንዴ?" አልኳቸው።

ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ብድግ አሉ። "ይቅርታ ልጄ፣ አጥቤ እመልሰዋለሁ። ታየኝና ነው።"

"ብርጭቆው እኮ ድሮም እዚያው ነበር።"

"በምን አውቄ? እኔ በሰው ቤት የተዘጋ ነገር ከፍቼ አላውቅም። እናቴ በዚህ ጉዳይ እጄን እየመታች ነው ያሳደገችኝ። ኩባያዋ ደግሞ ውጭ ነበረች።"

"አይጠይቁኝም ታዲያ?"

"ሁልጊዜ ስጪኝ ስጪኝ ይከብዳል። አንቺም ደክሞሽ ነው የምትመጪው። መስታወት ቢሆን የት እንዳለ እያየሁ አነሳለሁ ብዬ ነው። የሚታይ ነገር እጅን አያስፈራም።"

ክው አልኩ። ለካ ኩሽናው በር ላይ የሚቆሙት ሊታዘቡኝ አልነበረም፤ ዕቃው ከየት እንደሚወጣ ሊያዩ ነበር። በራሴ አፈርኩ። በባለቤቴ ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር በእሳቸውም ተናደድኩ፤ ሰው ሰባት ወር ሙሉ ብርጭቆ የት ነው ማለት ያቅተዋል?

ቅዳሜ አናጢው መጣ። "እህስ፣ ተስማማችሁ?"

ባለቤቴ "ሁለቱም..." ብሎ ሲጀምር "አንተ ዝም በል!" አልኩት። ሽንፈቴን ውጬ መስታወት ልል ተዘጋጅቼ ነበር። ግን አፌ ላይ ሲደርስ፣ መስታወት ቢሆንም እኮ እማማ እንደ እንግዳ ከውጭ ሆነው ነው የሚያዩት የሚል ሐሳብ መጣብኝ።

"እማማን ጠይቃቸው" አልኩት። "ያሉህን ሥራ።"

"እኔማ ምን አገባኝ..."

"ያገባዎታል!" አልኩ። የቁጣ ድምፅ ነበር የወጣኝ። "ኩሽናው የእርስዎም ነው።"

 ከዚያ ወደ ካቢኔቱ ሄዱና መስታወቱን በጣታቸው ዳሰሱት። የጣታቸው ምልክት ቀረ።

"ይሄንን በየቀኑ ማን ሊወለውለው ነው?" አሉ። "ድፍን አድርገው።"

ሦስት ሳምንት ሙሉ! ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አማቴ እጃቸውን ዘርግተው ድፍኑን በር፣ ያንን ጉዴን ሁሉ የደበቅኩበትን፣ ወለል አድርገው ከፈቱት። ማንንም አልጠየቁም። ዘጉት፤ ደግመው ከፈቱት።

"የበሩ ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል፤ አስተካክለው" አሉት አናጢውን። ከዚያ ራሳቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ተመለከቱና አንድ ሰሃን አውጥተው ወደ እኔ ዞሩ። "ይሄ የተሸራረፈ ሰሃንስ? ምን ሊሠራ ተቀመጠ? ለምን አይጣልም?"

"ይጣላል እማማ" አልኩ። ሰሃኑን ተቀብዬ ቆሻሻው ውስጥ ከተትኩት፤ ሰማያዊዋንም ኩባያ ከላዩ ጣልኳት።