ስንዱ በማህበሩ ደጃፍ

ስንዱ ባሏን ፈትታ ከስማዳ ወደ ንፋስ መውጫ ከመጣች ወዲህ ኑሮዋ ሸክም ነው። የጫኝና አውራጅ ማህበሩ ወንዶች ሰማያዊ ጋዋን ለብሰው ከመኪና ያወርዳሉ፤ እሷና ሌሎች ሴቶች የተራገፈውን ከመሬት አንስተው መኪና ወደማይገባበት መንደር ያደርሳሉ። መኪናውን መንካት ለአባል ብቻ ነው።

አባል ልሁን ብላ ጠይቃለች። ሰብሳቢው አቶ ዓለምነህ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ዓይኗን ማየት አልፈለጉም።

«እህቴ፣ መታወቂያሽ የስማዳ ነው።»

«የዚህን ላውጣ ስል ቋሚ ሥራ የለሽም ይሉኛል።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። ደግሞም ማህበራችን ሴት ኖራበት አያውቅም።»

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት፣ ከማህበሩ አባላት አንዱ የሆኑት ጎረቤቷ ጋሽ ጓዴ ወገባቸውን ይዟቸው መነሳት አቃታቸው። ጋዋናቸውንና ራሳቸው ላይ የሚጠመጥሙትን ፎጣ ሰጧት።

«በእኔ ቦታ ግቢ። በዚህ ጉም ሰው ከሰው አይለይም።»

እውነትም አይለይም ነበር። ከተማው ወተት ውስጥ የተነከረ መሰለ። የማዳበሪያ መኪናው ላይ የቆመው ፍሥሐ ጆንያውን ቀስ አድርጎ ጀርባዋ ላይ ያኖርላታል፤ እሷም በነጩ ውስጥ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። እግሯ መሬት የነካ አይመስላትም። ወንዶቹ ያንጎራጉራሉ፤ ድምፃቸው ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስላል። ሳታውቀው አብራ ታንጎራጉራለች።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ጉልምስናዎ ተመለሰ!» አለ ፍሥሐ።

ድምጿ እንዳያጋልጣት ጎንበስ ብላ አለፈች። ያኔ ነፋሱ መጣና ጉሙን ገለጠው፤ ፎጣውም ተንሸራቶ ሹሩባዋ ታየ። ሁሉም ባለበት ቆመ።

«አውልቂው» አሉ አቶ ዓለምነህ።

አወለቀችና ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ሄደች። ከሁሉም በፊት ሸክም የጀመረችው አይሻ ጠጋ አለቻት።

«እንዴት ነው እዚያ?»

«ቀላል ነው፣ አይሻ። የሚያሸክምሽ ሰው ሲኖር ቀላል ነው።»

አይሻ ትንሽ አሰበችና የማዘያ ገመዷን ጠቀለለች። «እንግዲያው እኔም ዛሬ ከመሬት አላነሳም።» ሌሎቹም ገመዳቸውን ጠቀለሉ።

ጆንያው ተከምሮ ቀረ። ካፊያ ጀመረ። ማዳበሪያውን ያስመጡት ሰዎች ጮኹ፣ ወንዶቹ ላስቲክ ለማልበስ ተሯሯጡ፤ ሴቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ አቶ ዓለምነህ መጡ።

«ምንድን ነው የምትፈልጉት?»

«የሚያሸክመን ሰው» አለች ስንዱ። «ከእናንተ ጋርም መቆጠር።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማህበሩ ተሰበሰበ፤ ሴቶቹም ገብተው ተቀመጡ። ብዙ ተጨቃጨቁ። ለመታወቂያው ቀበሌን ማህበሩ ራሱ ያነጋግር፣ እስከዚያው ሴቶቹ አባል ሆነው ይሥሩ የሚለው ሐሳብ ቀረበ። መጀመሪያ እጁን ያወጣው ፍሥሐ ነው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ስንዱ እጆቹን እንደ ሕልም ታያቸዋለች። አቶ ዓለምነህ አዲስ አባል ብለው ስሟን ሲጠሩ ሌላ ስንዱ ያለች መስሏት ዞር ብላ ተመለከተች።

አይሻ በክርኗ ነካ አደረገቻት። «አንቺን እኮ ነው፣ ተነሺ!»