ስክሪን ላይ የገረጣ ፊት

በማተሚያ ቤቱ ጓዳ ተቀምጣ ፎቶዎችን ለኅትመት የምታዘጋጀውን ሴት ሙያውን ያስተማራት ሰው የለም። የተበላሹ ወረቀቶችን ከቅርጫት እያነሳች፣ ይሄ ጥቁር ለምን ጭቃ መሰለ፣ ያ ቀይ ለምን ደበዘዘ እያለች ራሷን ስትጠይቅ ዓመታት አለፉ፤ እንዲያ ነው የተማረችው።

ያን ቀን ጣጣው ከቤት መጣ። ፎቶ አንሺው ታናሽ ወንድሟ ስለ ሠራተኞች የፎቶ መጽሐፍ ሊያሳትም ነው። ፎቶዎቹ ሰማንያ ናቸው፤ የመጀመሪያው የሟች አባታቸው ነው። ብየዳ ላይ ሳሉ ያነሳቸው ሲሆን፣ ግማሽ ፊታቸው ጥላ ውስጥ ነው።

ወንድሟ ከኋላዋ ቆሞ ስክሪኑን አየና ፊቱ ተቀየረ።

«እትዬ፣ አባዬን አገረጣሽው እኮ። ዱቄት የተነሰነሰበት አስመሰልሽው።»

«የመረጥከው ወረቀት ሻካራ ነው፤ ቀለም ይጠጣል። ጥላው ላይ ቀለሙን ካልቀነስኩ ዓይኑ ይዋጣል።»

«እኔስ ዓይን የለኝም?»

«አለህ። ግን ስክሪን ከውስጥ ያበራል። ወረቀት መብራት ከየት ያምጣ?»

የማተሚያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ማሽኒስት በሩን ተደግፈው ሳቁ። «ወይዘሮ ሚሊሜትር፣ አሁን ደግሞ የወረቀት ጥም መለካት ጀመርሽ?» ይህን ስም ያወጡላት፣ ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር ምስሉን ከመቁረጫው መስመር ሦስት ሚሊሜትር አሳልፋ ካልዘረጋች እንቅልፍ ስለማይወስዳት ነው።

ወንድሟ ቁርጡን ተናገረ። «የኔንም ያንቺንም አንድ ወረቀት ላይ እናትማቸው። የኔ ከበለጠ ሰማንያውንም ይዤ ሌላ ማተሚያ ቤት እሄዳለሁ። እንዳትቀየሚኝ።»

«አልቀየምህም» አለች፤ ድምጿ ግን ቀጠነ። የአባቷ ፊት በባዕድ እጅ ሊወጣ ነው። አምላኬ አንተ ታውቃለህ ብላ በልቧ፣ ፋይሉን ላከች።

ማሽኑ አጉረመረመ። ማሽኒስቱ የወጣውን ወረቀት በሁለት ጣት ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት።

በግራ በኩል፣ በወንድሟ ባልተነካው ፎቶ፣ ኮፍያና አገጭ ብቻ ይታያል፤ የቀረው ድፍን ጥቁር ነው። በቀኙ፣ እሷ ባስተካከለችው፣ ጥላው ጥላነቱን ሳይለቅ፣ ውስጡ ዓይን ነበር፤ ጠበብ ያለ፣ ጭስ የለመደ፣ ሊስቅ የተቃረበ። ከቅንድባቸው በላይ የነበረችው የብየዳ ጠባሳ ሳትቀር ቁልጭ ብላለች።

ማሽኒስቱ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥቁሩን ማሽኑ ነው የሚያበላሸው ስል ኖሬአለሁ» አሉ በመጨረሻ።

ወንድሟ ጠባሳዋን ሊነካ ጣቱን ዘረጋና፣ ቀለሙ አለመድረቁ ትዝ ሲለው መለሰው። «ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይቺን ግን አላየኋትም ነበር።» ከኪሱ ፍላሽ ዲስኩን አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። «እትዬ፣ ሰባ ዘጠኙም እዚህ አሉ። እንዳሻሽ አድርጊያቸው።»

«ወንበር ሳብና ተቀመጥ። በየጥላው ውስጥ ማን እንዳለ የምትነግረኝ አንተ ነህ።» ተመስገን አለች፣ ከንፈሯ እንኳ ሳይንቀሳቀስ።

ማሽኒስቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም የልጄ የሠርግ ፎቶ ነበረኝ፤ ጠቁሮብኝ ነው እንጂ...»

«ወረፋ ይያዙ፣ ጋሼ» አለች ቀና ሳትል፣ ሁለተኛውን ፎቶ እየከፈተች።